ቱቦው ታፍኗል ወይስ አየር ይስባል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

የዛሬው ወሬያችን ገበታ ላይ ላለ ሰው አይመችም። እየበላችሁ ከሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስትጨርሱ ብትመለሱ አልቀየምም።

(ድምፅ፦ የጭነት መኪና ሞተር፤ ከፍ ብሎ ይጮኻል፣ ከዚያ ይረግባል)

ይህን ድምፅ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ከድምፁ ቀድሞ ሽታው ይደርሳል፤ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ነው። ወላይታ ሶዶን ጨምሮ አብዛኞቹ ከተሞቻችን ከየቤቱ ፍሳሽ ሰብስቦ የሚወስድ የመሬት ውስጥ መስመር የላቸውም። አዲስ አበባም ብትሆን መስመሩ የሚደርሰው ለከፊሉ ነዋሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ ሲሞላ ያለን ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ሌላ መቆፈር፣ ወይ ማስመጠጥ። ድሮ ግቢው ሰፊ ስለነበር ሌላ ይቆፈር ነበር። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ከተማዋም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ግን በየጓሮው የኪራይ ክፍል ተሠርቷል። አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ የቀረው ለጥቂት ሰው ነው። መኪናው የግድ ሆኗል።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ግቢ የሆነውን ላውጋችሁ። መኪናው ጠዋት መጣ። ረዳቱ ቱቦውን አውርዶ፣ እየገጣጠመ በአጥሩ ጥግ አሳልፎ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተው። ሾፌሩ ፓምፑን አስነሣ። ሞተሩ ጮኸ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግን አንድ ጣት እንኳ አልቀነሰም። ሾፌሩ «እማማ፣ ጉድጓድዎ ደርቋል፤ የመኪናው ጥፋት አይደለም» አለ። እሳቸውም «ልጄ፣ ባለፈው የመጣው በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ሄዷል። የደከመው ያንተ መኪና ነው» አሉት። ክርክሩ እየጋለ ሄደ፤ ጎረቤቱም በአጥር ላይ ብቅ ብቅ አለ። ነገሩን በአንድ ጊዜ ሊዳኝ የሚችል ዕቃ ግን መኪናው ጎን ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ጌጅ ናት።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያች ጌጅ ነው። መኪና ለምትነዱ፣ ለረዳቶች፣ እንዲሁም ገንዘብ ከፍላችሁ ለምታስመጥጡ ሁሉ ትጠቅማለች።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ አንድ የቆየ እምነት እናፍርስ። መኪናው ይስባል፣ ይመጥጣል እንላለን። እንደ እውነቱ ከሆነ ምንም ነገር አይስብም።

ውሃ ከጠርሙስ በስትሮ ስትጠጡ ምን ታደርጋላችሁ? አፋችሁ ውስጥ ያለውን አየር ትቀንሳላችሁ፤ ያ ብቻ ነው የእናንተ ሥራ። ከዚያ በጠርሙሱ አፍ ገብቶ ውሃው ላይ የተጫነው የውጭ አየር መጠጡን በስትሮው ውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ካላመናችሁኝ ልጆቻችሁን አስሞክሯቸው። የጠርሙሱን አፍ በስትሮው ዙሪያ በታኘከ ማስቲካ ጥርቅም አድርገው ይድፈኑትና ይምጠጡ። ጉንጫቸው እስኪሰረጉድ ቢመጥጡ ከአንድ ሁለት ጉንጭ በላይ አይወጣላቸውም፤ ምክንያቱም ከላይ የሚገፋ አየር አይገባም። ሌላም ሙከራ አለ። ማስቲካውን አንሡና ስትሮውን መሐሉ ላይ በመርፌ ብሱት። አሁንም መጠጡ በደንብ አይመጣም፤ በቀዳዳው የሚገባው አየር ሥራውን ያበላሸዋል። መታፈን ማለት የመጀመሪያው ነው፣ ማፍሰስ ማለት ሁለተኛው። የመምጠጫ መኪና ችግር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙም አይወጣም።

የሰው ልጅ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። በጣሊያን አገር በፓምፕ ውሃ የሚያወጡ ሰዎች ከአሥር ሜትር ገደማ በላይ አልወጣ እያላቸው ሲቸገሩ ኖረዋል። ፓምፑን ቢያጠብቁት፣ ቢያጠነክሩት ያው ነው። ጋሊሌዮም ጉዳዩን አንሥቶ አሰላስሎበታል። በትክክል የፈታው ግን ከእሱ ጋር የሠራው ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1640ዎቹ። ቶሪቼሊ አየር ክብደት እንዳለውና ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ያ ክብደት መሆኑን አሳየ። የአየሩ ክብደት በባሕር ጠለል ላይ መሸከም የሚችለው አሥር ሜትር ተኩል የማይሞላ የውሃ ዓምድ ነው። ከዚያ በላይ ቢሆን የዓለም ትልቁ ፓምፕም አቅም የለውም፤ የሚገፋው ፓምፑ አይደለማ!

እኛ ደግሞ በባሕር ጠለል ላይ አይደለንም። ሶዶ ዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከላያችን ያለው አየር የሳሳ ነው። ጭነቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እንከን በሌለው ፓምፕ ንጹሕ ውሃ እንኳ ብንመጥጥ ሶዶ ላይ ልኩ 8 ሜትር ገደማ ነው። ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ፣ 1,200 ሜትር አካባቢ ወርዳችሁ ብትሞክሩት ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ያው መኪና፣ ያው ፓምፕ፣ ያው ሾፌር፤ ቆላ ሲወርድ ይጎብዛል፣ ደጋ ሲወጣ ይደክማል። አንድ ሾፌር ከአርባ ምንጭ መንገድ ሲመለስ «መኪናዬ ሶዶ ስትደርስ ትለግማለች» ቢላችሁ አትሳቁበት።

ይህ ሁሉ የወረቀት ሂሳብ ነው። በተግባር ዝቃጭ ከውሃ ይከብዳል፣ የቱቦው ርዝመትም ጉልበት ይበላል። በመስኩ ያሉ ባለሙያዎች ለመምጠጫ መኪና የሚሰጡት ልክ ከ2 እስከ 3 ሜትር ጥልቀት፣ መኪናውም ከጉድጓዱ ከ30 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ሲቆም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር በእኛ ዘንድ እንደ ጉብዝና ይታያል። «ስድስት ሜትር አስቆፍሬያለሁ፣ ልጆቼም አይሞሉትም» የሚል ሰው ስንቱን ሰምቻለሁ! ያ ጉድጓድ አንድ ቀን ይሞላል፤ ያኔ የታችኛው ግማሽ ጠጥሮ እዚያው ይቀራል። ሰፋ ብሎ ጥልቀቱ የተመጠነ፣ ግድግዳው በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተገነባ ጉድጓድ ለልጆቻችሁ የተሻለ ውርስ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጌጇ እንምጣ። መርፌዋ ዜሮ ላይ ስትሆን በታንኩ ውስጥና በውጭ ያለው አየር እኩል ነው ማለት ነው። ፓምፑ አየሩን ከታንኩ እያስወጣ ሲሄድ መርፌዋ ከዜሮ እየራቀች ትሄዳለች። በባሕር ጠለል ላይ በባር ቢለካ እስከ 1 ሊጠጋ ይችላል። ሶዶ ላይ ግን 0.8 ገደማ የመጨረሻው ድንበር ነው። በኢንች ሜርኩሪ የምትለካ ጌጅ ከሆነች ደግሞ 30 ሳይሆን 23 አካባቢ ትቆማለች። ስለዚህ 0.6 ወይም 0.7 ላይ የደረሰ ፓምፕ ጤነኛ ነው። «1 አልሞላም» ብላችሁ ጋራዥ ወስዳችሁ ገንዘብ አታፍስሱ።

ምርመራው እንዲህ ነው። መርፌዋ ከፍ ብላ ወጥታ ቆመች፣ ወደ ታንኩ የሚመጣ ነገር ግን የለም? ታፍኗል። መርፌዋ ከዜሮ ብዙም አልራቅም አለች፣ የሚመጣም የለም? አየር የሚገባበት ቦታ አለ፣ ወይም ፓምፑ ራሱ ታሟል። ሾፌሮች ይህን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ አንዳንዱም ሳያውቀው ጡረታ ይወጣል።

ጎረቤቴ ግቢ ክርክሩ ሲበርድ ጌጇን አየናት። ዜሮ አጠገብ ተኝታለች። እማማ ሊያሸንፉ ነው ማለት ነው።

አየር የሚገባበትን ለማግኘት ቱቦውን ሁሉ መፈተሽ አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ችግሩን ለሁለት ክፈሉት። ታንኩ ላይ ያለውን ዋና ሳራቺኔስካ፣ ማለትም የቱቦውን መዝጊያ ቫልቭ፣ ዝጉና ፓምፑን አስነሡ። መርፌዋ አሁን ተነሣች? እንግዲያው ታንኩም ፓምፑም ደህና ናቸው፣ ሕመሙ ቱቦው ላይ ነው። አልተነሣችም? ቱቦውን ተዉት፤ የታንኩን የኋላ በር ጎሚኒ፣ ክፍት የተረሳ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ፣ የፓምፑን ዘይት ተመልከቱ። የእነዚህ ፓምፖች ሆድ ውስጥ እየዞሩ ግድግዳውን የሚልሱ ቅጠል መሰል ሰሌዳዎች አሉ። ዘይት ሲያንሳቸው ይበላሉ፤ ሲበሉ በዳራቸው አየር ይመለሳል። የፓምፕ ዘይት በየጠዋቱ ይታያል፤ ሞተሩ ዘይት ጠጣ አልጠጣ ብላችሁ እንደምታዩት ማለት ነው። ከታንኩ ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይ ያለችውን ውሃ መያዣ ጠርሙስና ፊልትሮም አትርሱ። እሷ ስትሞላ ቆሻሻ ወደ ፓምፑ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ በእኔ ሬዲዮ የሚወራ አይደለም።

ቱቦው ላይ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መገጣጠሚያው ነው። ጎሚኒው ደርቋል፣ ተቀዷል፣ ወይም ከጎሚኒውና ከብረቱ መሐል አንዲት ጠጠር ገብታለች። ፋሼታው ላልቷል። አንዳንዴም ቱቦው በአስፋልት ላይ እየተጎተተ ሆዱ ሳስቶ ይበሳል፤ ከላይ ስታዩት አዲስ ይመስላል፣ ገልብጣችሁ ስታዩት ወንፊት ነው። ታዲያ እንዴት ይገኛል? ፓምፑ እየሠራ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ አንድ ነው፤ ስስ ፉጨት ይሰማል። ሞተሩ የሚጮኽ ከሆነ ግን ስስ ፌስታል ቅደዱና በየመገጣጠሚያው ጠጋ አድርጉት። አየር የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ፌስታሉ ልጥፍ ይላል። ፌስታል ከጥፋቱ በቀር አንድ ጥቅም ቢኖረው ይሄ ነው።

የእማማ ግቢ ችግር ሦስተኛው መገጣጠሚያ ላይ ተገኘ። ጎሚኒው የለም! ባለፈው ሥራ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ረዳቱ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሌላ አውጥቶ ገጠመ፤ ወዲያው መርፌዋ ተነሣች፣ ቱቦውም ከብዶ መንፈራገጥ ጀመረ። እማማ ወደ ሾፌሩ አዩና ምንም አላሉም። ዝምታቸው ከንግግር ይብሳል።

ደስታው ግን አምስት ደቂቃ አልቆየም። ቱቦው ድንገት ጸጥ አለ። ጌጇ አሁን 0.7 ላይ ናት።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህኛው መታፈን ነው። የሚያፍነው ምንድን ነው ብትሉኝ ከሰገራ በቀር ሁሉም ነው። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ድንጋይ፣ የሕፃን ጫማ። ዳይፐርን ለይቼ ልናገር፤ ውሃ መጥጦ እንዲያብጥ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ደርቆ የተጣለው ጉድጓዱ ውስጥ ሲያብጥ ትራስ ያህላል። የመምጠጫ ቱቦ ውፍረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኢንች ነው።

የሚያፍንበት ቦታም ይታወቃል። በቅድሚያ የቱቦው ጫፍ፤ ቀጥሎ መጠምዘዣው፣ ማለትም ጎሚቶው፤ ከዚያ ሰፊው ቱቦ ወደ ጠባቡ የሚገባበት መገጣጠሚያ፤ በመጨረሻም ዋናው ሳራቺኔስካ። ቀጥ ያለ ቱቦ መሐል ላይ እምብዛም አይታፈንም። ስለዚህ መፈለግ የሚጀመረው ከጫፍ ነው። ጫፉን ከዝቃጩ ውስጥ አንሥታችሁ አየር እንዲገባበት አድርጉ። መርፌዋ ወዲያው ወደ ዜሮ ከወረደች ቱቦው ክፍት ነው፤ ችግሩ ዝቃጩ መጠጠሩ ነው። ካልወረደች ቱቦው ውስጥ የተወተፈ ነገር አለ። ይቺ ሙከራ አሥር ሰከንድ አትፈጅም፤ ቱቦ ሁሉ ፈትቶ ከማየት ግን ታድናለች።

የተወተፈውን ለማስወጣት መጀመሪያ የሚደረገው ነገር አንድ ነው፤ ሳራቺኔስካውን ዘግቶ ቱቦው ውስጥ ያለውን ባዶነት ማብረድ። ይህ ሳይደረግ መገጣጠሚያ አይፈታም። በመምጠጥ ላይ ያለ የቱቦ አፍ ላይ እጅ አይደረግም፣ ፊት አይጠጋም፤ ባለ 4 ኢንች ቱቦ እጅን ቢይዝ በጉልበት አይለቅም። ከዚያ በኋላ ብዙ መኪኖች ፓምፑን ከመምጠጥ ወደ መንፋት የሚያዞር መያዣ ስላላቸው የቱቦውን ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ አድርጎ፣ አፉን በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ሸፍኖ፣ ሰው አርቆ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንፋት ነው። ቀስ ብሎ ያልኩት በምክንያት ነው። በኃይል የነፋ ሰው ግቢውንና ልብሱን ምን እንዳለበሰው እናንተው ገምቱት። በመንፋት ካልወጣ ቱቦውን ከጫፉ ጀምሮ አንድ በአንድ ፍቱ፤ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ፤ በውሃ ወደመጣበት አቅጣጫ ግፉት። መጎርጎር ካስፈለገ ጫፉ የተሞረደ ቀርከሃ ይሻላል። ፌሮ ብረት የሚያስገቡ አሉ፤ የታፈነውን ከፍተው ቱቦውን ይበሱታል፤ ከመታፈን ወደ ማፍሰስ ተሸጋገሩ ማለት ነው።

የጎረቤቴ ግቢ ዳይፐር ነበር። ሁለት። ይህን ጊዜ ሾፌሩ እማማን አያቸው። እሳቸውም የተከራዮቻቸውን በር አዩ።

ዝቃጩ ከጠጠረስ? ውሃ ነዋ። መኪናው ከመድረሱ አስቀድሞ ጥቂት ባልዲ ጨምሮ በረጅም እንጨት ማማሰል፣ ጊዜ ሰጥቶ እንዲርስ መተው። አዋቂ ረዳቶች ሌላም ዘዴ አላቸው። የቱቦውን ጫፍ ዝቃጩ ውስጥ ነክረው ጥቂት ካስገቡ በኋላ ብቅ ያደርጉታል፤ አየር ይገባል፣ መልሰው ይነክሩታል። ዝቃጩና አየሩ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። በቱቦው ውስጥ ያለው ዓምድ በአየር ስለተቆራረጠ ይቀላል፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ረዳት ከሌላው የበለጠ ጥልቀት የሚያወጣው። ከሩቅ ሲያዩት በቱቦው የሚጫወት ይመስላል።

(ሙዚቃ ይቋረጣል)

አሁን የምናገረውን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ። ማንም ሰው በምንም ምክንያት ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም። ቱቦ ለማስተካከል፣ የወደቀ ስልክ ለማውጣት፣ ዳይፐር ለመልቀም፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ቢሆን አይገባም። የተብላላ ቆሻሻ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል፣ ሰውየውም «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይረጋጋል። የሚወድቀው ያኔ ነው። ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው ሰውም አብሮት ይወድቃል። ሰው ከወደቀ ገመድ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ጩኸት፤ እናንተ ግን ከላይ ቆማችሁ። ጋዙ ሊቀጣጠልም ስለሚችል በተከፈተ ጉድጓድ አጠገብ ሲጋራም ክብሪትም አይለኮስም።

(አጭር ሙዚቃ)

አንገታችንን ቀና እናድርግና ወደ ጣሪያ እንመልከት። ጉድጓድና ጣሪያ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። አሸንዳ አገናኛቸው። በብዙ ግቢ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ውሃውን የሚጥለው ሽንት ቤቱ ጎን ነው፤ ይባስ ብሎም ወደ ሴፕቲክ ታንኩ የሚያስገቡ አሉ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ከሰዓት 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ስድስት በርሜል ወረደ ማለት ነው። አምስት እንዲህ ያለ ዝናብ 6,000 ሊትር፣ አንድ ትንሽ መኪና ይሞላል። የከፈላችሁት ሽንት ቤት ለማስመጠጥ ሳይሆን ዝናብ ለማስመጠጥ ሆነ። ያንን ውሃ ወደ ሮቶ ብታዞሩት የበልግን ዝናብ ለልብስ ማጠቢያ ትጠቀሙበት ነበር።

አሸንዳ ራሱ ይታፈናል። የባሕር ዛፍና የግራቪሊያ ቅጠል፣ ከቆርቆሮው የሚወርድ ዝገትና አቧራ ተደምሮ መውረጃው አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው በጠርዙ ገንፍሎ የግድግዳውን ጭቃ ይልሳል። እኛ መሰላል ላይ ቆመን በእጅ እንጠርጋለን። በሌላው ዓለም ረጅም ዘንግ ያለው፣ መሬት ላይ ቆመው የሚሠሩበት የአሸንዳ ቫኪዩም አለ። ከቫኪዩም መጥረጊያ አያቶች አንዱ ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1901 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሠራው ነው። ማሽኑ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ላይ የተጫነ ነበር፤ ደጅ ቆሞ ረጅም ቱቦውን በመስኮት ወደ ቤት ያስገባ ነበር። ከሽንት ቤት መኪናችን ጋር ሲተያይ ወንድማማች ናቸው።

ውሃና ደረቅ የሚመጥጥ በርሜል መሰል ቫኪዩም ያላችሁ ሆቴሎችና የጽዳት ማኅበራት ለአሸንዳ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። እሱ ጌጅ የለውም፤ ጌጁ ድምፁ ነው። ሞተሩ ከወትሮው ቀጥኖ ቢያፏጭ ታፍኗል፤ አየር ስላጣ ያለ ሥራ እየፈጠነ ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው ሆኖ ቅጠሉ ካልተነሣ የበርሜሉ ክዳን አልገጠመም ወይም ዘንጉ መገጣጠሚያ ላይ አየር ይገባል። እርጥብ ቅጠል የሚወተፈው ከላይ ባለው ጎሚቶ ላይ ነው፤ ደረቅ ሳለ፣ ዝናቡ ሳይገባ መሥራቱ ግማሹን ችግር ያስወግዳል። እርጥብ ስትመጥጡ የወረቀቱን ፊልትሮ አውጥታችሁ ስፖንጁን አድርጉ፤ የራሰ ወረቀት ራሱ መድፈኛ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ካለበት ጣሪያ አጠገብ ግን የብረት ዘንግ ይዛችሁ አትቁሙ።

(አጭር ሙዚቃ)

ጊዜያችን እያለቀ ስለሆነ ስለ ወቅቱ አንድ ቃል። ብዙ ሰው ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቤቱን ሲያጸዳ ጉድጓዱም ትዝ ይለዋል፤ ነሐሴና ጳጉሜን መኪና ይፈልጋል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ወቅቱ ግን ክፉ ነው። አፈሩ ጠጥቶ ረስርሷል፤ ግድግዳው ያልተገነባ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ባዶ ሲሆን የሚደግፈው ነገር ያጣና ይደረመሳል። ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ። ያኔም ቢሆን ያልተገነባ ጉድጓድ እስከ ታች ድረስ አይመጠጥም፤ ጥቂት ይተውለታል።

ሾፌሩንም የት እንደሚደፋው ጠይቁት። የማዘጋጃ ቤቱን ቦታ ከጠቀሰ ደግ። «እዚያ ወንዝ ዳር» ካለ ግን ከግቢያችሁ ያወጣችሁት ነገር ወደ ገበያ ጎመናችሁ ሊመለስ ነው። የአስካሪስ ትል እንቁላል በአፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያም በላይ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እኔ በበኩሌ በርካሽ አስመጥጦ ቦይ ውስጥ የሚያስደፋን ሰው ከሌባ ለይቼ አላየውም፤ ወጪውን የሚከፍለው ከታች ያለው ጎረቤት ነው።

ለመኪናው ስትደውሉ አራት ነገር ንገሯቸው፤ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ፣ መኪናው ከሚቆምበት ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተመጠጠ፣ ዳይፐር ይጣልበት እንደሆነ። እውነቱን ንገሯቸው። ሲመጡም የጉድጓዱን ክዳን ከፍታችሁ፣ ልጆችን አርቃችሁ፣ ወደ ጌጇ ሄዳችሁ ቁሙ። 

(የመውጫ ሙዚቃ)